የእበት፣ የአመድና የማዳበሪያ ነገር

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ እበት ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ኩበት ይሆናል። በኩበት እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል። አመዱም ተጠርጎ ከደጅ ይደፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ገበሬው ለማዳበሪያ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከሌለው ይበደራል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ምን ያገናኛቸዋል? የዛሬው ትምህርታችን ይሄ ነው።

ማዳበሪያው ከየት ይመጣል?

በዳፕ ቦታ የተተካውን ኤንፒኤስ ታውቁታላችሁ። በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌት፣ 7 ኪሎ ድኝ አለ። ናይትሮጅን ቅጠሉን ያለመልማል። በፎስፌት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሥሩን ያጠነክራል፤ ፍሬ እንዲያፈራም ያግዛል።

ናይትሮጅን በአየር ውስጥ ሞልቷል። ባቄላ፣ አተርና ምስር ከአየር ወስደው መሬቱን ያዳብራሉ። ፎስፈረስ ግን እንዲህ አይገኝም። ከአየር አይወሰድም፤ በሌላ ነገርም አይተካም። የሚገኘው ተቆፍሮ ከሚወጣ ድንጋይ ነው። በዓለም ከታወቀው የዚህ ድንጋይ ክምችት ከግማሽ የሚበልጠው በሞሮኮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በ2006 ዓ.ም. ይህን ድንጋይ እጥረት ከሚያሰጋቸው ዋና ዋና ጥሬ ዕቃዎች ጋር መዝግቦታል።

አገራችን ይህን ማዳበሪያ ከውጭ ትገዛለች። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በመኪና ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሲነሳ፣ ቻይናም ሽያጯን ስትገድብ ዋጋው ናረ። ሩቅ አገር የተነሳው ነገር የአምባሰል ገበሬ ኪስ ድረስ ደረሰ።

ከእጃችን የሚያመልጠው

ከብት ሣርና ገለባ ሲበላ ፎስፈረሱ ወደ እበቱ ይገባል። እበቱ ወደ ማሳ ከተመለሰ ፎስፈረሱም ይመለሳል። ኩበት ሆኖ ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱ አይነድም፤ አመዱ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ አመዱን ከደጅ የደፋ ሰው ማዳበሪያ ደፋ ማለት ነው። ያንን ደፍቶ ለሌላ ማዳበሪያ መበደር፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ሁለተኛው ማምለጫ ጎርፍ ነው። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ይኖራል። አፈሩ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ከተዳፋቱ የወረደው ጎርፍ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው አፈር እዚያው ይቀራል። ለማሳ የሚጠቅመው ፎስፈረስ ውሃ ውስጥ ሲበዛ አረንጓዴ ልባስ ያበቅላል። እሱ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ይጨርስበታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

“ኩበት አታንድዱ” ማለት ቀላል ነው። ግን ማገዶ የሌላት እመቤት በምን ትጋግር? ስለዚህ ሥራው ደረጃ በደረጃ ነው።

1. አመዱን አትድፉ። ዝናብ በማይነካው ቦታ አጠራቅሙና በእርሻ ጊዜ ማሳው ላይ በትኑት። ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር ግን አትቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑን ያባርረዋል።

2. በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ተጠቀሙ። የተረፈው እበት ጉድጓድ ገብቶ ከገለባና ከቅጠል ጋር ይብላላ።

3. የማገዶ ዛፍ በቦረቦርና በድንበር ላይ ትከሉ። ባሕር ዛፍን ግን ከማሳና ከምንጭ አርቁት።

4. እርከን ጠግኑ። ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ በወሎ ተራሮች ላይ ብዙ እርከን ተሠርቷል። እርከን ግን ካልተጠገነ ይናዳል። ከላይ ከተናደ ጎርፉ የታችኛውን ማሳ ይጠርጋል። ስለዚህ ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ደቦ ይፈልጋል።

እህል ተሽጦ ሲሄድ ፎስፈረስም አብሮ ስለሚሄድ፣ እበትና አመድ ብቻቸውን የሚገዛውን ማዳበሪያ አይተኩም። ነገር ግን ያለን ሳይባክን ከቆየ የምንገዛው ይቀንሳል፤ ዕዳውም ይቀላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኩበት ሲነድ የትኛው የመሬት ምግብ ይሄዳል? የትኛውስ ይቀራል?
2. በቤታችሁ አመድ የት ይደፋል?
3. የላይኛው ገበሬ እርከን ቢናድ የታችኛው ገበሬ ምን ይደርስበታል? ሁለቱ ምን ቢስማሙ ይሻላል?