ከመጠራትህ በፊት

ነገ ጠዋት አለቃህ ሥራውን ቢለቅ ወንበሩን ትረከባለህ?

ቶሎ አትመልስ። ከልብህ አስብበት።

«ዕድሉን ቢሰጡኝ አሳያቸው ነበር!» የሚል ሰው ሞልቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ ይላል። ማታ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። እሺ፣ ዛሬ ሰጡህ እንበል። ምን ታሳያለህ?

እስቲ ስለ አንድ ሰው ላውራህ።

ኒው ዮርክ ውስጥ አኳቪት የሚባል የታወቀ የስዊድን ምግብ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዋና ሼፉ በድንገት ሞተ። ወጥ ቤቱ ደነገጠ። ደንበኛ ግን ሐዘን አይቶ አይቀርም፤ ምሳ ሰዓቱ ይደርሳል፣ እራት ሰዓቱም ይደርሳል። ባለቤቱ ኃላፊነቱን ለማን ይስጥ? ኒው ዮርክ ስመ ጥር ሼፍ አጥታ አታውቅም። እሱ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ይሠራ ለነበረ የ24 ዓመት ወጣት ሰጠው።

የወጣቱ ስም ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም ደግሞ ካሳሁን ጽጌ።

አዎ፣ የእኛው ልጅ!

ብዙ ወራት አልፈጀም። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ታይምስ ለአኳቪት ሦስት ኮከብ ሰጠ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ በዚያ ዕድሜ ከጋዜጣው ሦስት ኮከብ የተቀበለ ሼፍ አልነበረም።

«ዕድለኛ ነው» አልክ አይደል? ሰማሁህ።

እንግዲያው ወደ ኋላ እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ገባና እናቱን፣ እሱንና እህቱን ፋንታዬን አንድ ላይ ያዛቸው። እናትየው በሽታዋን ተሸክማ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ሆስፒታል ደረሰች። ልጆቹ ዳኑ። እሷ አልተረፈችም። ጎተንበርግ የሚኖሩ ስዊድናውያን ባልና ሚስት ሁለቱንም ልጆች ለማሳደግ ወሰዷቸው።

ይህን ዕድል ካልከው አልከራከርህም። እኔም እላለሁ። ግን ልብ በል፤ ያ ዕድል ነፍሱን አተረፈለት እንጂ ሽንኩርት አልከተፈለትም።

ደግሞ ሼፍ መሆን ሕልሙ አልነበረም። ሕልሙ ኳስ ነበር። ስዊድን ውስጥ በታወቀ ክለብ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። በአፍላ ዕድሜው ስሙ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ምክንያቱ? ሰውነትህ ትንሽ ነው ተባለ። በቃ። ስንፍና አይደለም፣ ጥፋት አይደለም፤ ቁመትና ክብደት።

አንተንስ ምን አሉህ? «ነጥብህ አልሞላም»? «ልምድ የለህም»? «ዘመድ አለህ ወይ»?

እሱ ምን አደረገ መሰለህ? ወደሚያውቀው ሌላ ነገር ዞረ። አያቱ ሄልጋ በሰው ቤት ምግብ እያበሰሉ የኖሩ ሴት ነበሩ። ልጅ ሳለ አጠገባቸው ቆሞ የሥጋ ድቡልቡል ሲያድቦለቡል፣ ዶሮ ሲጠብስ፣ ዓሣ በጨውና በሆምጣጤ ሲያሰናዳ ነው ያደገው። ያኔ ማንም «ሥልጠና» አላለውም። የምስክር ወረቀትም አልሰጠውም። ነገር ግን እጁ ተምሮ ነበር።

እስቲ አንተም ቁጠር። ሳታውቀው እጅህ የተማረው ነገር ምንድን ነው? እናትህ ሱቅ ውስጥ ስትሸጥ ሒሳብ ተምረሃል። አጎትህ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ድምፅ መለየት ተምረሃል። ይህን ሲቪህ ላይ አልጻፍከውም። ጻፈው!

ከዚያ የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ስደት፤ ግን በሥራ ልብስ የሆነ ስደት። ስዊዘርላንድ ኢንተርላክን የሚገኘው ቪክቶሪያ ዩንግፍራው የተባለ ታላቅ ሆቴል ገባ። ኦስትሪያ ሠራ። ፈረንሳይ በጆርጅ ብላን ሦስት የሚሽላን ኮከብ ያለው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጥቅጦ ተማረ። እንዲህ ያለ ወጥ ቤት ውስጥ ከታች የጀመረ ልጅ ሥራው ይታወቃል፤ ድንች መላጥ፣ መክተፍ፣ ማጠብ፣ መሸከም፣ «እሺ ሼፍ!» ማለት። የሠራው ካልጣመ ይጣላል። እንደገና ይሠራል። ማንም ፎቶ አያነሳውም።

ለእኔ የዚህ ሰው ታሪክ ልቡ እዚህ ጋ ነው። ኮከቡ ላይ አይደለም፤ ድንቹ ላይ ነው።

በተለይ አንድ ልማዱን ወድጄለታለሁ። የቀመሰውን ይጽፍ ነበር። ቀን በአለቃው ሜኑ ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ደብተሩን ከፍቶ የራሱን ሜኑ ያስባል። ይህ ከዚያ ጋር ቢገባ? ይህን በዚያ ብቀይረው? የቀኑ ሥራ የአለቃው ነው። ደብተሩ ግን የራሱ ነው። ስለዚህ በ1995 ወጥ ቤቱን ሲረከብ «ምን ልሥራ?» ብሎ ጣራ አላየም። ለዓመታት በልቡም በደብተሩም ሲያበስል ኖሯል።

ቀስ በቀስ የምትለዋን የእንቁላል ተረት ዛሬ እንተዋት፤ ሰልችታለች። እኔ የምጠይቅህ ደብተርህ የት አለ ብዬ ነው።

አስተናጋጅ ነህ? የትኛው ደንበኛ ቡናውን ያለ ስኳር እንደሚወድ ታውቃለህ? የትኛው ምግብ ሳይነካ ወደ ወጥ ቤት እንደሚመለስስ? ይህ መረጃ ወርቅ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

አንቺስ? እንጀራ እየጋገርሽ ለምግብ ቤቶች የምታስረክቢ? ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ ጾም ስንት እንጀራ እንደሚጨምሩሽ በቃልሽ ነው ወይስ በወረቀት? የጤፉ ዋጋ ባለፈው ወር ስንት ነበር? የቀረው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል ወይስ ይጣላል? «ያለሽው ምጣድ ዳር ብቻ ነው» ያለሽ ማን ነው? ቢዝነስ ውስጥ ነሽ! እንደ ባለ ቢዝነስ መዝግቢ።

«ጊዜ የለኝም» አትበል። ቲክቶክ ላይ ያጠፋኸውን ስልክህ ራሱ ቆጥሮ ይነግርሃል።

አሁን ደግሞ ወደ ከበደው ክፍል።

ሰው ስሙ ሲገን ምን ያደርጋል? ብዙው ይቀመጣል። ማርከስ እ.ኤ.አ. በ2003 የኒው ዮርክ ምርጥ ሼፍ ተብሎ የጄምስ ቢርድ ሽልማት ተሸለመ። እሱ ግን ስሙ ከገነነ በኋላም እንደገና ተማሪ ሆነ። ወደተወለደበት አገር ተመለሰ። መርካቶ ገባ፤ በርበሬ ከነቅመሙ እንዴት እንደሚሰናዳ ከባለሙያዎቹ እናቶች ሥር ሆኖ አየ። የእናቱን ፎቶግራፍ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በበርበሬ ሽታ ነው የሚፈልጋት። በአፍሪካ ወጥ ቤቶች ውስጥ ያየውን ሰብስቦ በ2006 ዳጎስ ያለ የምግብ መጽሐፍ አወጣ። ሦስት ኮከብ ያለው ሼፍ ከእማማ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሲጠይቅ ይታይህ። ማወቅህ መጠየቅ የሚያሳፍርህ ከሆነ ያንተ ዕውቀት እዚያ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ግን ሁሉም አልጋ በአልጋ አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ ውስጥ መርካቶ 55 የሚባል የአፍሪካ ምግብ ቤት ከፈተ። ስሙ ያምራል። ሐሳቡም ያምራል። አልሆነም። ብዙ ሳይቆይ ከቤቱ ወጣ፣ ቤቱም ተዘጋ። ከአኳቪት ሲለይ ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመው፤ በገዛ ስሙ የመሥራት መብቱን ለማስመለስ ገንዘብ መክፈል ነበረበት። በገዛ ስሙ! ውሉ እንዲያ ይል ነበርና።

እዚህ ላይ ቆም በል። ስንቶቻችን ነን ሽርክና ስንገባ «ወንድሜ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የምንል? ፈገግታ ውል አይደለም። የምትፈርመውን አንብብ። ያልገባህን ጠይቅ። የሚያውቅ ሰው ካለ አስነብብ። ሞቲቬሽን ብቻውን የኪራይ ውል አያድስም።

ሰውየው ከዚህ በኋላ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? በደንብ ሠርቷል፣ ደህና ስም አለው፣ አንድ ሆቴል ገብቶ በደመወዝ ይኖራል። ምቾት ቀጠና ማለት ይህ ነው። አልገባበትም።

ሐርለም ነበር የሚኖረው። ሐርለም የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ናት፤ ሙዚቃው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ታሪኩ ሞልቶ የሚፈስባት። በዚያ ዘመን ግን የማንሃተን ባለ ገንዘብ እራቱን ሊበላ ወደዚያ አይወጣም ነበር። እሱ ቤት ከመክፈቱ በፊት ዓመታት ኖረባት። ጎረቤት ሆነ። በየሠፈሩ በላ፣ ከሽማግሌዎች ጋር አወራ፣ ሰው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ምን እንደሚበላ አየ። ድሮ በዚያው ሠፈር ታዋቂ የነበረን የመጠጥ ቤት ስም ተዋሰ፤ ሬድ ሩስተር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2010 ሌኖክስ ጎዳና ላይ ከፈተው።

ሜኑውን እይ። የጥቁር አሜሪካውያን የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ አለ። የአያቱ የሄልጋ የሥጋ ድቡልቡልም አለ። በርበሬውም ገብቷል። ኳስ ያቆመው ልጅ፣ የጎተንበርጉ ተማሪ፣ የመርካቶው ጠያቂ ሁሉም አንድ ገበታ ላይ ተሰበሰቡ። ብዙ ሠራተኞቹንም ከሠፈሩ ቀጠረ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ኦባማ ለፓርቲያቸው የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት አዘጋጅተው እዚያው ቤት ተቀመጡ።

ኦባማ እጁን ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2009 ዋይት ሐውስ ለሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ በኦባማ ዘመን የመጀመሪያ የሆነውን ይፋዊ የክብር እራት ሲያዘጋጅ በእንግዳ ሼፍነት የተጠራው ማርከስ ነው። እንግዳው ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ገበታው በአብዛኛው የአትክልት ነበር፤ ከዋይት ሐውስ ጓሮ የተቀጠፈ ቅጠላ ቅጠልም ገባበት። በዚያ ሁሉ ወርቅና ሸክላ መካከል ምን ቀረበ መሰለህ? የቀይ ምስር ሾርባ! ምስር ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳህ አልሞክርም።

ከዓመታት በኋላ ሬድ ሩስተር ራሱ ተፈተነ። በ2020 ኮቪድ ሲገባ የኒው ዮርክ ምግብ ቤቶች በራቸውን ዘጉ። እሱም ደንበኛ መቀበል አቆመ። ወጥ ቤቱን ግን አላጠፋም። ወርልድ ሴንትራል ኪችን ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ ለሠፈሩ ችግረኛ ምግብ ማብሰያ አደረገው። ገበያ ሲጠፋ ምጣድ ሰቅሎ መተኛት አለ፤ በአጠገብ ላለ ሰው በእጅ ባለው መሥራትም አለ። ሁለተኛው ምርጫ የሠፈሩን ሰው ያቆየልሃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አዲስ አበባ መጣ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ላይ ማርከስ አዲስን ከፈተ። እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ አሁን ድንች የሚልጡ፣ ሽንኩርት የሚከትፉ የአዲስ አበባ ልጆች አሉ። ከመካከላቸው ማታ ደብተር የሚከፍተው የትኛው ይሆን? እኔ በእሱ ላይ ነው የምወራረደው።

«እኔ እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ አልሠራም» ትለኝ ይሆናል። ታዲያ የት ነው የምትሠራው? ካፌ? ሱቅ? ቢሮ? ቤትህ? ያለህበት ይበቃል። ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ያዝ። ባለ ቆዳ ሽፋን አያስፈልግህም፤ የልጅህ አሮጌ ደብተር ጀርባውም ይሆናል። ቀኑን ጻፍ። ከዚያ ምሳ የበላኸውን ሽሮ አስብ። ምን ጎደለው? ቁሌቱ አልበሰለም? ጨው በዛ? ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ነው የገባው? አንድ መስመር ጻፍ። ነገ ያንኑ ሽሮ ራስህ ሥራውና ሁለተኛውን መስመር ጨምርበት።