መጽሐፉን ያነበበው ሰው ምን አለ?

እንደሚታወቀው በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ስለ አንድ ልብ ወለድ ስንማር መጀመሪያ የምንጽፈው የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት ነው፤ ከዚያም ጭብጥ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት እያልን እንቀጥላለን። ይህ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉን ገንዘቡን አውጥቶ ወይም ከሰው ተውሶ ያነበበው ተራ አንባቢ ምን አለ የሚለው ጥያቄ በደብተራችን ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ እኛ የአማርኛ ትምህርት ሠልጣኞች የሆንን አምስት ጓደኛሞች፣ ባለፈው ወር ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይዘን በተቋማችን ግቢና በከተማው ውስጥ እየዞርን ሰዎች ስላነበቡት መጽሐፍ እንዲያጫውቱን ጠየቅን። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ያገኘነውን መልስ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሒስና አስተያየት አንድ አይደሉም። ሐያሲ አንዱን መጽሐፍ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር ያመዛዝናል፤ አሠራሩን ይመረምራል፤ ለፍርዱም ማስረጃ ያቀርባል። ተራ አንባቢ ግን መጽሐፉን የሚያመዛዝነው ከራሱ ኑሮ ጋር ነው። «ይቺ ሴትዮ ቁርጥ አክስቴን» ካለ ለሱ ማስረጃው በቂ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ለአስተማሪ ግን ሁለተኛው ይቀርበዋል ባዮች ነን፤ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው የሚጠብቁን ልጆች ሐያስያን አይደሉማ!

የመጀመሪያው ቀን ሥራችን ከሽፎ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። መጠይቅ አባዝተን «የመጽሐፉ ዐቢይ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብለን ጀመርን። አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ከመነጽራቸው በላይ አዩንና «ፈተና ነው እንዴ?» አሉን። አንዲት ባለ ሱቅ ደግሞ «እኔ እንኳ አልተማርኩም፤ የተማረ ሰው ጠይቁ» ብለው ሸኙን። ባንኮኒያቸው ላይ ግን ገጹ የታጠፈ ወፍራም መጽሐፍ ተቀምጦ ነበር። ማታ ተሰብስበን ስንወያይ ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የጥያቄው መሆኑ ገባን። በማግሥቱ ወረቀቱን ትተን ሦስት ጥያቄ ብቻ ይዘን ወጣን፦ የት ላይ አቆሙ? ከታሪኩ ውስጥ ማንን ጠሉ? መጽሐፉን ለማን አዋሱት? እነዚህ ሰውን ያናግራሉ። በተለይ የመጨረሻው፤ ተውሶ ያልመለሰ ሰው የማያውቅ አንባቢ የለምና ጨዋታው ከዚያ ይጀምራል።

ከሁሉም ይልቅ ያስተማሩን የምግብ ቤታችን ወጥ ሠሪ እትዬ ናቸው። (ስማችን ይጻፍ ብንላቸው «ተዉኝ እባካችሁ» ብለዋል።) ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያውቁታል፤ ግን አላነበቡትም። የሰሙት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። መስማት ማንበብ ነው? አንዱ ጓደኛችን «አይደለም፤ ከዝርዝራችን ይውጡ» አለ። እትዬ ግን ሽንኩርታቸውን እየከተፉ የሰዎቹን ስም አንድ ባንድ ሲጠሩ፣ ከኛ መካከል ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ነበሩ። ክርክሩ በዚያው ቆመ።

«ማንን ጠሉ?» ስንላቸው ፊታውራሪ መሸሻን ይላሉ ብለን ነበር።

«እሳቸውማ ያው የዘመናቸው ሰው ናቸው» አሉን። «እኔን የሚያናድደኝ የበዛብህ እናት ናት።»

«እንዴት እትዬ?»

«ልጁ ሳይጠየቅ ነዋ ለስለት የሰጡት! ስለት እኮ የራስሽን ነው፤ ጧፍ ትሳያለሽ፣ ጥላ ትሳያለሽ። ልጅ እንዴት ስለት ይሆናል?» ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ደግሞ አልፈርድባትም። ልጅ ታሞ ስታዪው የማትዪው ነገር የለም» አሉ።

እኛ ደብተራችንን ገልጠን አየነው። የመደብ ልዩነት፣ የባላባቱ ሥርዓት፣ የገበሬው ዐመፅ የሚሉት ነጥቦች ሁሉ ተጽፈዋል፤ ትክክልም ናቸው። ብፅዐቱ ግን የተጠቀሰው በአንድ መስመር ነው። እትዬ ከዚያች አንድ መስመር ተነሥተው መጽሐፉን በሙሉ ሲተረትሩት፣ አንድ እናት ተጨንቃ በገባችው ቃል ምክንያት ሌላ ሰው ዕድሜ ልኩን እንዴት እንደሚታሰር አሳዩን። በዛብህ አስተማሪ መሆኑን እንኳ በቅጡ ልብ ያልነው፣ «እናንተም እንደሱ ልታስተምሩ አይደል የምትሄዱት? ተጠንቀቁ ታዲያ!» ብለው ሲስቁብን ነው። ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተቀጥሮ አይደል ነገሩ ሁሉ የመጣው!

እዚህ ላይ መደበቅ የማይገባንን እንናገር። ከአምስታችን ይህን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ያነበብነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሦስታችን በሁለተኛ ደረጃ ማስታወሻውን ሸምድደን ጥያቄውን በትክክል መልሰን አልፈናል። መጽሐፉን ሳይከፍቱ ስለ መጽሐፉ ሙሉ ነጥብ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ይህን ስንጽፍ ማፈራችን አልቀረም።

ሌላው ያነጋገርናቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው) ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ እንደጣሉት ሳያፍሩ ነገሩን። አነጋገሩ ከብዷቸው ነበር። በአራተኛው ጊዜ ማታ ማታ ለባለቤታቸው ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ፣ የደብረ ሲና ተወላጅ የሆኑት ባለቤታቸው እሳቸው ምንም ባላዩበት ቦታ ላይ ይሥቃሉ። «ለካ በጆሮ ነው የሚነበበው» አሉን። ስለ አደፍርስ ስንጠይቃቸው ደግሞ፣ «ብዙ ያውቃል፤ ሰው ሲናገር ግን አይሰማም። ገና ተመርቄ የወጣሁ ጊዜ እኔም እንደሱ ነበርኩ» ብለው አንድ ባንድ አዩን።

የመጽሐፍ አስተያየት በጊዜው እንደሚለዋወጥ ያስረዱን አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ጸጉር አስተካካይ ናቸው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። «በጋዜጣ ተሸፍኖ ደረሰኝ» አሉን ጋሼ። «የተሰጠኝ ለአንድ ሌሊት ነው። በሻማ ጨረስኩና ሳይነጋ መለስኩ። ኋላ በግልጽ ሲሸጥ ገዝቼ ባነበው ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ፤ ያኔ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደብቀው ነበር እኮ!» ታዲያ የቱ ንባብ ነው ትክክለኛው? እኛ ልንፈርድ አልቻልንም፤ እሳቸው ግን የመጀመሪያውን ይመርጣሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፍ። አንዲት ነርስ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ስታወሳ፣ «ስካርሌትን እየጠላኋት ጨረስኳት፤ ስትለየኝ አለቀስኩ» ብላናለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ተራ ሲጠብቅ እያነበበ ሁለት ጊዜ ተራው እንዳለፈው ነገረን፤ ይህን የመሰለ ምስክርነት ለአንድ ደራሲ ከየት ይገኛል! የግቢያችን የሌሊት ዘበኛ አባባ ደግሞ የሚያነቡት የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ነው። በየሌሊቱ አንድ ገጽ። «መቼ ይጨርሱታል?» ብንላቸው «ምን አስቸኮለኝ» አሉ። የት ላይ አቆሙ ለሚለው ጥያቄያችን ቁርጥ ያለ መልስ የሰጡን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ «መ» ላይ።

ይህ ሲባል አስተያየት ሁሉ እኩል ነው ማለታችን አይደለም። አንድ ወጣት ስለ አንድ ልብ ወለድ «በጣም ምርጥ ነው፣ አንብቡት» እያለ ግማሽ ሰዓት ካናገረን በኋላ በውስጡ ካሉት ሰዎች የአንዱን እንኳ ስም ሊነግረን አልቻለም። ሌላው ደራሲውን በመንደር ጉዳይ ስለሚጠላ መጽሐፉን ጠላ። ከዚህ የተነሣ ከሦስቱ ጥያቄዎች ላይ አራተኛ ጨመርን፦ «የትኛው ቦታ ላይ ነው እንደዚያ የተሰማዎት?» ያነበበ ሰው ቦታውን ያሳያል። ያላነበበ ሰው ወደ አጠቃላይ ነገር ይሸሻል። (እኛ በፈተና ላይ ያደረግነውም ይኸው ነው።)

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስለ ወጥ ሠሪዋና ስለ ዘበኛው ብለን ብቻ አይደለም። ከዚህ ሥራ በፊት ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት፣ በአምስተኛ ክፍል ስለ አንድ ታታሪ ገበሬ የሚናገር ምንባብ አስተምረን «ከምንባቡ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ሰጥተን ነበር። ልጆቹ ሁሉ «ታታሪነትን» ብለው ጻፉ። አንዲት ልጅ ግን «ገበሬው በሬውን ሸጠው። በሬው የት እንደደረሰ አልተጻፈም። ስለዚህ አልወደድኩትም» ብላ ጻፈች። ጥያቄውን አልመለሰችም ብለን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግንባት። ከጎኑም «ጥያቄውን በደንብ አንብቢ» ብለን ጻፍን።

እትዬን ካነጋገርን በኋላ ነው ይቺ ልጅ ትዝ ያለችን። የት ላይ እንዳቆመች፣ ማንን እንደጠላች ሳትጠየቅ ነግራናለች። ቦታውንም አሳይታለች። ባለፈው ዐርብ ሁለታችን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደን ከክፍል አስጠራናት። ተቆጭ መስሏት ደብተሯን ይዛ መጣች። ገልጣ ስታሳየን የድሮው መልስ በላጲስ ጠፍቶ፣ በላዩ ላይ «ታታሪነትን» ተብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

«አስተካክያለሁ እኮ» አለችን።

«የበፊቱን ነው የምንፈልገው። ስለ በሬው የጻፍሽውን።»

ልጅቷ አንዴ ደብተሯን፣ አንዴ እኛን አየችና «የቱ በሬ?» አለች።