ኬራቶኮነስ በጎልማሳ ዕድሜ

አየር ጤና በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ የ44 ዓመት አባወራ «ዓይንህ ጨረር ያስፈልገዋል ተባልኩ፤ ልበደር ወይስ ልተው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ኬራቶኮነስ የዓይናችን መስኮት የሆነው ኮርኒያ እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ በአፍላ ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ40 በኋላ ግን ኮርኒያው በራሱ ስለሚጠነክር መባባሱ ይቀንሳል። ክሮስሊንኪንግ የሚባለው ሕክምና በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያውን ያጠነክራል። (ክኒኑን መዋጥ አይተካውም፤ የሚጠይቁኝ አሉ።) ሕመሙን ባለበት ያቆማል እንጂ የደከመውን እይታ እንደ ቀድሞው አይመልስም።

ስለዚህ ሐኪምዎን «እየተባባሰ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ቶፖግራፊ የሚባለው የኮርኒያ ምስል በወራት ልዩነት ተነሥቶ ይነጻጸር። ለውጥ ከሌለ መነጽር ወይም ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ከክትትል ጋር ሊበቃ ይችላል። ለውጥ ካለ ግን በ50 ዓመትም ቢሆን አይዘግዩ፤ ኮርኒያው ከ400 ማይክሮን በታች ከሳሳ በተለመደው መንገድ ማከም አይቻልም። ዓይን ማሸትን ደግሞ ዛሬውኑ ይተዉ፤ ማሳከኩ የአለርጂ መድኃኒት አለው።

ከሕክምናው በኋላ ለቀናት ዓይን ውስጥ ውኃ ስለማይገባ የዉዱእዎን ነገር አስቀድመው ኢማምዎን ያማክሩ።

እኚያ አባወራ ያምናው ምስል ቤታቸው ነበር። ይዘውት እንዲመለሱ ነገርኳቸው።