ቤት ስትገዛ ከበሩ ውጭ ያለውን አይተኸዋል?



ስለ ቤት ግዢ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ወለድ ናቸው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አላህ ከሪባ ይጠብቀን። ነገር ግን በሐላል ገንዘብ ተገዝቶም ባለቤቱን ዕድሜ ልኩን የሚያስመርር ቤት አለ። የዛሬው የጁምዓ ትምህርታችን ስለዚያ ነው።

ኢብኑ ሒባን ከሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አራት ነገሮችን ከደስታ ቆጥረዋል፦ መልካም ሚስት፣ ሰፊ ቤት፣ መልካም ጎረቤትና ምቹ መጓጓዣ። ልብ በል፣ ሰፊው ቤት ከተጠቀሰ በኋላም ጎረቤት ለብቻው ተቆጥሯል። «ጎረቤት ከቤት በፊት» የሚለው አባባል ግን መልእክቱ ትክክል ቢሆንም በሐዲስነቱ ሰነዱ ደካማ ስለሆነ ሐዲስ ነው ብላችሁ ሼር አታድርጉት።

ፊቅህ ውስጥ «ሹፍዓ» የሚባል ምዕራፍ አለ። አንድ ሰው ድርሻውን ሲሸጥ ከባዕድ ገዢ በፊት ሸሪኩ የመግዛት ቅድሚያ አለው። ሐነፊዮች ይህን መብት መንገድና ውሃ ለሚጋራ ሰውም ሰጥተዋል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ደግሞ ባልተከፋፈለ ንብረት ሸሪክ ለሆነ ሰው ብቻ ነው ይላሉ። ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ ዑለማዎቹ መንገዱንና ውሃውን ምን ያህል በቁም ነገር እንደተወያዩበት ተመልከት። እኛ ግን ሴራሚኩንና የኪችን ካቢኔቱን አይተን ቀብድ እንከፍላለን።

አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ልትገዛ ነው እንበል። ደላላው የሚያሳይህ በሩ ከተከፈተ በኋላ ያለውን ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ግን ከቤትህ ጋር የጋራ መጠቀሚያውንም ድርሻ ይሰጥሃል፤ ወጪውንም ጭምር። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የአንተም ናቸው። ስለዚህ የነዋሪዎቹን ማኅበር ኮሚቴ አግኝና ጠይቅ፦ በወር ስንት ይዋጣል? ስንቱ ሰው ይከፍላል? የሚሸጥልህ ሰው ያልከፈለው ውዝፍ አለበት? መዋጮ የማይሰበሰብበት ሕንፃ ላይ የተበላሸ ፓምፕ የሚያስጠግን አይገኝም። ሊፍት ያለው ከሆነማ ጉዳዩ የባሰ ነው፤ ሊፍቱ የቆመ ቀን እናትህ ዘጠነኛ ፎቅ እንዴት ትወጣለች?

ውሃውን ቅዳሜ ጠዋት አይተህ አትመን። ፈረቃው ስንት ቀን እንደሆነ፣ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይደርስ እንደሆነ፣ ሮቶው የግል ይሁን የጋራ ተከራዮቹን ጠይቅ። ሻጩ ሊሸጥ ነው፤ ተከራይ ግን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ከመግሪብ በኋላም ሂድ፤ የደረጃው መብራት ይበራል?

ሌላም አለ። ብዙ ሳይቶች ላይ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የጋራ ቤት ተሠርቷል። አሁን ምን ላይ እንደዋለ እይ፤ ተቆልፎ ወይም ለሌላ ሥራ ተከራይቶ ልታገኘው ትችላለህ። ዒድ አል አድሓ ሲመጣ ኡድሒያህን የት ልታርድ ነው? ደሙ ደረጃ ላይ ወርዶ ጎረቤትህ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሲቸገር ዒባዳህን ሰውን በማስቸገር አጀብከው ማለት ነው።

ቡኻሪ ከኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) የዘገቡትን የመርከቧን ምሳሌ ታውቀዋለህ። ታች ያሉት ሰዎች ውሃ ለመቅዳት ላይ ያሉትን ላለማስቸገር ብለው በራሳቸው ድርሻ ቀዳዳ ሊከፍቱ አሰቡ። ዝም ከተባሉ ሁሉም ይሰምጣል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የኮንዶሚኒየም ምሳሌ የለም። አንዱ የፍሳሽ ቱቦውን ሲደፍን ከታች ያለው ቤት ይጥለቀለቃል። ጎረቤቶቹ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሰብስበው የሚያነጋግሩ ናቸው ወይስ በር ዘግተው የሚያማርሩ? ለእኔ ከካሬ ሜትሩ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

«መስጂድ ቅርብ ካልሆነ አልገዛም» የምትለኝ ወንድሜ፣ ኒያህ ያምራል። ሆኖም በኑ ሰሊማዎች ወደ መስጂድ ሊጠጉ ሲያስቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባሉበት እንዲቆዩና እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው እንደነገሯቸው ሙስሊም ዘግበዋል። ሃያ ደቂቃ በእግር መሄድ ጉድለት አይደለም። ለልጆችህ ቁርኣን የሚቀሩበት አለመኖሩን ግን አስብበት።

ሻጭ ከሆንክ ደግሞ፦ ነጋዴ ዘንድ ዋጋ የሚቀንስ ነገር በፊቅህ ዐይብ ነው። ውሃው በሳምንት አንዴ ብቻ እንደሚመጣ እያወቅህ ሰው በመጣ ሰዓት ሮቶ ሞልተህ ቧንቧ መክፈት ማጭበርበር ነው።

ዐረብ ሀገር ሠርተሽ ለወንድምሽ ብር የምትልኪ እህቴ፣ የብዙ ዓመት ላብሽ ነው። የሳሎኑን ቪዲዮ ብቻ አትቀበዪ። ከግቢው በር ጀምሮ ደረጃውን እየወጣ፣ የቆሻሻ መጣያውን እያሳየ ይቅረጽልሽ። በሌላ ቀን፣ ማታ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ደግሞ ይላክልሽ። ከአንዲት ጎረቤት ጋርም በስልክ ያገናኝሽ፤ ሴት ለሴት ስታወሩ እሱ ሊጠይቅ የማያስበውን ትሰሚያለሽ።