የድሃ ሰው ባሕር ይዘጋል ወይ?

«የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ» የሚለውን ርእስ ስንማር ከመካከላችን «የዕለት ጉርሱን ከባሕር ለሚያወጣ ድሃ አታጥምድ ማለት ሙት ማለት አይደለም ወይ?» ብለው አጥብቀው የጠየቁ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ በእውን የተደረገ አንድ ነገር ይዘን ለመመለስ እንሞክራለን።

በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ቬዞ የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች ይኖራሉ። አገሩ ደረቅ ስለሆነ ዝናቡ ለእርሻ አያስተማምንም። ወንዶቹ ባለ ሸራ ታንኳ ይዘው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ሴቶቹና ልጆቹ ደግሞ ባሕሩ ጎድሎ የኮራሉ ድንጋይ ብቅ ሲል በእግራቸው ገብተው፣ ኦክቶፐስ የተባለውን ስምንት ክንድ ያለው እንስሳ ከየጉድጓዱ በሹል ዘንግ ወግተው ያወጣሉ። (ጉድጓዱን አይቶ መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ማንም ዝም ብሎ ሄዶ አያገኘውም።) ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች መግዛት ከጀመሩ ወዲህ ሁሉም ወደ ኦክቶፐስ ዞረ፤ የባሕሩም ሀብት ተጎዳ።

በ2004 እ.ኤ.አ. የአንዳቫዱአካ መንደር ሰዎች ከባሕር ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር ተመካክረው አንዱን የኮራል ስፍራ ለሰባት ወር ያህል ዘጉ። ልብ በሉ፣ ባሕሩን በሙሉ አልዘጉም! ለዕለት ጉርስ የሚሆነው ሌላው ስፍራ ክፍት ነበር።

ታዲያ ለምን ኦክቶፐስ ተመረጠ? መልሱ ባዮሎጂ ውስጥ ነው። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር፣ አስተዳደጉ ግን እጅግ ፈጣን ነው፤ በጥቂት ወር ውስጥ ክብደቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። እናቲቱ እንቁላል የምትጥለው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እህል ውኃ ሳትል ትጠብቀውና ሲፈለፈል ትሞታለች። ስለዚህ የታገሠ ሰው ዋጋውን በዚያው ዓመት ያገኛል። ለማደግ ዓመታት የሚፈጅ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ሰባት ወር ምንም አይፈይድም ነበር።

ስፍራው በ2005 ሲከፈት የተያዘው በቁጥርም በክብደትም ጨምሮ ተገኘ። ይህን ያዩ ጎረቤት መንደሮችም ተከተሉ፤ ዲና በሚባለው በባህላዊ ደንባቸው የሚዘጋበትን ጊዜና የአጥፊውን ቅጣት ወሰኑ።

ነገር ግን ሁሉም አልጋ ባልጋ አልሆነም። የመክፈቻው ቀን ሲደርስ ከሩቅ መንደር ሁሉ ሰው ይጎርፋል። ወራት የተጠበቀው በጥቂት ቀን ይታፈሳል፤ የጠበቀውም ያልጠበቀውም እኩል ይዞ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት ከመዝጋቱ ይልቅ ከባዱ ይሄ ነው። አንዳንዶቹ ከዚህ ሌላ የባሕር ኪያር የሚባለውን እንስሳ በመረብ አጥረው ማርባት ጀምረዋል፤ እሱም ቢሆን ሌሊት ሌባ ስላለበት ዘብ ይፈልጋል።

በጣና ዙሪያ ለምትመደቡ እጩ መምህራን ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለን። ከነጭ ዓሣ ዘሮች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረብ የሚጣለውም እዚያው ወንዙ ከሐይቁ ከሚገናኝበት ላይ ነው። የትኛው ስፍራ፣ ለስንት ሳምንት ይዘጋ? ባለታንኳውስ እስከዚያው ምን ይብላ? መልሳችሁን ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን።