ኤስኤስዲ ለዕለት ሥራና ለዘላቂ ጥበቃ፦ ከመሸንቲ ቢሮዎች እስከ ጣና ገዳማት የብራና ቅጂዎች

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመሸንቲም ሆነ በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች፣ የቢሮ ኮምፒውተር ተጠቃሚ ሁለት ችግሮች አብረው ይገጥሙታል፤ ዕድሜው የገፋ ኮምፒውተርና የሚቆራረጥ ኤሌክትሪክ። ለመጀመሪያው ችግር የተለመደው መፍትሔ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው። መፍትሔው ተገቢ ቢሆንም አንድ የተሳሳተ ግምት ያስከትላል፤ ይኸውም ፈጣን የሆነ ማከማቻ ሁሉ አስተማማኝም ነው የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍጥነትን፣ የኃይል መቋረጥን መቋቋምንና መረጃን ለረጅም ጊዜ ማቆየትን ለየብቻ በመመርመር ኤስኤስዲ የት እንደሚበቃና የት እንደማይበቃ ማሳየት ነው። ጽሑፉ በታተሙ ጥናቶችና በወጡ ደረጃዎች ላይ የተመሠረተ ዳሰሳ ነው።

የፍጥነቱ ምንጭ

ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚያነብበው በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ የማንበቢያ ጭንቅላት በማንቀሳቀስ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሰሌዳ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ተፈላጊው መረጃ ከጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ጭንቅላቱ ወደ ትክክለኛው መስመር የሚጓዝበት ጊዜ ሲታከልበት፣ ዲስኩ ተበታትነው የተቀመጡ መረጃዎችን ማንበብ የሚችለው በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ነው። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በቀድሞው የሳታ መስመር እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንባቦችን ያከናውናል። ጥቅሙም ይበልጥ የሚታየው ኮምፒውተሩ ሲነሣና የመረጃ ቋት ሲጠየቅ ነው።

የአገልግሎት ዘመን

ኤስኤስዲ መረጃን የሚይዘው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በሚታሰር የኤሌክትሮን ክምችት ነው። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱዎካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቁት ናንድ ፍላሽ የተባለው ይህ አሠራር፣ ሕዋሱ በተጻፈና በተደመሰሰ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይጎዳል። በአንድ ሕዋስ ሦስት ቢት የሚይዙት የተለመዱ ዓይነቶች ከ1,000 እስከ 3,000 ያህል ዑደት ይችላሉ።

ቁጥሩ ያሳስብ ይሆናል፤ ሆኖም ቀላል ስሌት ስጋቱን ይቀንሰዋል። ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ 1,000 ዑደት ቢችል በድምሩ 240,000 ጊጋባይት ይጻፍበታል። ተቆጣጣሪው ለውስጥ አስተዳደሩ የሚጽፈው ተጨምሮ የጽሕፈቱ መጠን በሦስት እጥፍ ያድጋል ብለን ብንወስድ፣ ለተጠቃሚው 80,000 ጊጋባይት ይቀራል። በቀን 20 ጊጋባይት ለሚጽፍ ቢሮ ይህ 4,000 ቀን፣ ማለትም ወደ 11 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ለተራ ቢሮ ዋናው ስጋት የሕዋሱ ማርጀት አይደለም።

የኃይል መቋረጥ

ተቆጣጣሪው የትኛው መረጃ በየትኛው ሕዋስ እንዳለ የሚያመለክት ሰንጠረዥ ይይዛል፤ ሰንጠረዡንም ዘወትር ያድሳል። በዚህ መካከል ኃይል ድንገት ቢቋረጥ የሚጠፋው በመጻፍ ላይ የነበረው ሰነድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ የተቀመጠውም ሊበላሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በፋስት ጉባኤ የቀረበ የማይ ዤንግና የባልደረቦቹ ጥናት በ15 ኤስኤስዲዎች ላይ ኃይልን ደጋግሞ በማቋረጥ ሙከራ አድርጓል። ከእነዚህ 13ቱ ከመረጃ መበላሸትና በከፊል ከመጻፍ አንሥቶ ጨርሶ እስካለመሥራት የሚደርሱ ጉድለቶች አሳይተዋል።

ለሰርቨር የሚሠሩ ብዙ ኤስኤስዲዎች ኃይል ሲቋረጥ የተጀመረውን ጽሕፈት የሚያስጨርስ ካፓሲተር አላቸው፤ ለግል ኮምፒውተር የሚሸጡት ርካሾቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። በመሆኑም ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታ የኤስኤስዲ ግዢ ከዩፒኤስ ግዢ ተነጥሎ ሊታቀድ አይገባም። ባትሪው በደኅና የሚሠራ ላፕቶፕም ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣል።

ያለ ኃይል ማቆየት

የታሰረው ኤሌክትሮን በጊዜ ብዛት ይሾልካል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። የጄዴክ ደረጃ የጽሕፈት ዘመኑን የጨረሰ የግል ኮምፒውተር ኤስኤስዲ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ኃይል መረጃውን ለ1 ዓመት እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ለሰርቨር ከሚሠራው የሚጠበቀው በ40 ዲግሪ 3 ወር ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ከዚህ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ሆኖም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ለዓመታት የሚቀመጥ ብቸኛ ቅጂ ሊሆን አይገባውም።

ጉዳዩ በጣና ዙሪያ ክብደት አለው። ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣና ደሴቶችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል። በደኅና የተያዘ ማይክሮፊልም ኃይል አይሻም፤ ብርሃንና ማጉያ ካለ ይነበባል። ዛሬ በዲጂታል ካሜራ የሚነሣ ቅጂ ግን እንደ ማይክሮፊልሙ ተቀምጦ ብቻ አይቆይም፤ በየጊዜው መፈተሽና መገልበጥ አለበት። በጀልባና በኮረኮንች መንገድ ለሚደረገው ጉዞ መንገጫገጭን የሚችለው ኤስኤስዲ ተመራጭ ነው። ከጉዞው በኋላ ግን ምስሎቹ ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ ይኖርባቸዋል።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ኤስኤስዲ የዕለት ሥራ ማከማቻ እንጂ ብቻውን የመዝገብ ቤት ማከማቻ አይደለም። ስለዚህ፦

1. በሥራ ላይ ያለ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ከዩፒኤስ ጋር ይኑረው፤ የቀኑ ሥራም በየዕለቱ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። በኤስኤስዲ ላይ በስሕተት የተሰረዘ ሰነድ ተቆጣጣሪው ቦታውን ስለሚያጸዳው ብዙውን ጊዜ መልሶ አይገኝም።

2. ለዘለቄታ የሚፈለግ መረጃ ቢያንስ በሦስት ቅጂና በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይቀመጥ፤ አንዱም ከቦታው ይራቅ። ለመሸንቲ ቢሮ አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ማስቀመጥ ከባድ አይሆንም።

3. ቅጂዎቹ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ።

ቀጣይ ጥናት በአካባቢው ቢሮዎች ያለውን የኃይል መቋረጥ ብዛትና የኤስኤስዲ ብልሽት ጎን ለጎን ቢመዘግብ፣ የግዢ ውሳኔዎች በአካባቢው ልኬት ላይ እንዲመሠረቱ ያስችላል።