ጣና ከ20 ዓመት በኋላ፤ እኛስ ምን እንላለን?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አካባቢያችን ስለ ፎገራ የወደፊት ሁኔታ ነው።

ባለፈው ጊዜ ሰፈራችን ስለ እምቦጭ ስብሰባ ነበር። ከአባቴ ጋር ሄጄ እጄን ሳወጣ «አንተ ልጅ ነህ፣ ቁጭ በል» ተባልኩ። እኔ አሁን 13 ዓመቴ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ 33 ይሆነኛል። ያኔ ጣና ዳር የምንኖረው እኛ ነን። ታዲያ ለምን አንጠየቅም?

በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 12 ላይ ሕፃናት በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን መግለጽ እንደሚችሉ ይደነግጋል። አገራችንም ተቀብላዋለች። ግን መብት አለኝ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስንጠየቅ የምንለው ነገር ሊኖረን ይገባል። ስለ ወደፊቱ ማሰብ ዝም ብሎ መመኘት አይደለም። ሦስት ጥያቄዎች አሉት።

1ኛ. አሁን ምን አለ?
እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ግን ውሃውን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ ዓሣውን ይጎዳል፣ ታንኳም አያሳልፍም።

2ኛ. እንዲህ ከቀጠለስ?
ወላጆቻችን በዘመቻ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ይነቅሉታል። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ ዘንድሮ ተነቅሎ ለከርሞ ይበቅላል። የሚያፋፋው ደግሞ እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞች ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ እኛም ቤት ሩዝ ይመረታል፣ ማዳበሪያም እንጨምራለን። ይህን ለአባቴ ስነግረው «ታዲያ ምን እንብላ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

3ኛ. ምን እንፈልጋለን? ከምንስ እንጀምር?
በክበባችን ውስጥ ሆነን ከ20 ዓመት በኋላ ያለውን ጣና በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልን። አንዱ ልጅ የዓሣ ገበያ ሣለ። አንዷ ደግሞ በወንዙና በማሳው መካከል ሣርና ዛፍ ሣለች። ለምን ስንላት «ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል» አለች። ለአባቴ ጥያቄ ግማሽ መልስ ያገኘሁት ከእሷ ሥዕል ነው። ሩዙን ሳንተው አፈሩን ማስቀረት እንችላለን ማለት ነው። ወረቀቱን ወስጄ ሳሳየው ብዙ ቆይቶ «ከወንዙ ስንት እርምጃ ይሁን?» አለኝ። አያችሁ፣ ጠየቀኝ!

የቤት ሥራ፦ ሦስቱን ጥያቄዎች ስለ ሰፈራችሁ መልሳችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ። መምህሮቻችንም የተሰበሰበውን ሐሳብ ለቀበሌው ስብሰባ እንዲያደርሱልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!